አያቶቹን የነቀልንበት ሳምንት

የከተማችንን ሰው ብትጠይቁ የወንድሜን ሚስት ነገር በሁለት ቃል ይጨርስላችኋል፤ «ተረከዝ የማይነካውን ነካች፤ ጉድ ሆነች።» እንዲህ የሚሉት ግን ያን ሰሞን ጆንያቸውን ይዘው ከፊቴ የተሰለፉት ራሳቸው ናቸው። ትራክተሩን የነዳሁት እኔ ነኝ። ድርሻዬን ስለማውቅ የሌላውም ድርሻ እንዳይቀርበት ብዬ ነው የማወራው። ሰው ጥፋት ሲመጣ ለአንድ ሰው አሸክሞ እጁን ማራገፍ ይወዳል፤ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

«ተረከዝ» ያሏት በሥራዋ ነው። እኛ የምንኖረው ከጭቃ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሽና ከቤቶቻችን ጓሮ እስከ ጥቁሩ ቋጥኝ ድረስ ግራጫ የጭቃ ሜዳ ይተውልናል። ጭቃው ውስጥ ዛጎል አለ፤ ሁለት ክዳኑን ገጥሞ፣ ራሱን ቀብሮ፣ አንገቱን ብቻ እንደ ቱቦ ወደ ላይ ሰድዶ ውሃ እየማገ የሚኖር ፍጡር። ባሕሩ ሲሸሽ አንገቱን ይሰበስባል፤ ላይ የምትቀረው ሽንብራ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ናት። ሌላው ለቃሚ ወገቡ እስኪቀነጠስ ጎንበስ ብሎ ያቺን ቀዳዳ ይፈልጋል። እትዬ ግን ቀና ብላ፣ ወሬ እያወራች ነው የምትሄደው። በባዶ እግሯ ተረከዝ ጫን ትላለች፤ ከሥር አንድ ነገር ስብስብ ሲል ይሰማታል፤ ያኔ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ትዝቃለች። ባዶ እጇን ስትነሣ አይቼ አላውቅም።

እትዬ የምላት ታላቅ ወንድሜን አግብታ ስትመጣ እኔ ገና ሱሪዬን በሲባጎ የማስር ልጅ ስለነበርኩ ነው። እሷ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ጥላዬ» ትለኛለች፤ ከኋላዋ አልጠፋም ነበርና። ባሕር ከማያውቅ ደረቅ አገር ነው የመጣችው። በመጀመሪያው ቀን ጭቃው እስከ ጉልበቷ ዋጣት፤ እናቴ በብብቷ ይዛ እየጎተተች «ዛጎል ልንነቅል መጥተን ሙሽራ ተክለን ልንሄድ ነው!» ብላ ሜዳውን ሁሉ በሳቅ አንፈራፈረችው። ያቺ ሙሽራ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ በጭቃው ላይ አቻ አልነበራትም።

ወንድሜ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሆዱን ታሞ ሐኪም ቤት እንደገባ አልወጣም። አንዲት ልጅ ነው የተወላት። ልጅቷን በዛጎል አስተማረቻት፤ አሁን ራቅ ያለ ትልቅ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይታለች። በየሳምንቱ ትደውላለች። «እማዬ፣ ጉልበትሽ አልቋል። ይበቃሻል፣ ነይ።» እትዬም መልስ አታጣም፤ «አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ምን ልሥራ? አንቺ ሥራ ስትሄጂ የታችኛዎቹን ጎረቤቶች ጣሪያ በተረከዜ ልደብድብላቸው?» ይሣሣቃሉ፤ ይዘጋሉ። ከዘጋች በኋላ ግን አትሥቅም ነበር። አንድ ቀን ስልኩን እያስቀመጠች «ጥላዬ፣ ጭቃው እስካለ ድረስ የምለው አለኝ። ጭቃው ከሄደ ግን ምን ብዬ እምቢ እላታለሁ?» አለችኝ። ፎቁን የምትፈራው ልጇን ስለማትወድ አይደለም። ከሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ በኋላ ወንበር ላይ የሚያስቀምጧት ዕቃ መሆንን ነው የፈራችው።

እንግዲህ ስለ አያቶቹ ልንገራችሁ። ከጥቁሩ ቋጥኝ ሥር፣ ጭቃው በጣም የሚለሰልስበት አንድ ጥግ አለ። እዚያ ያሉት ዛጎሎች ክንድ ሙሉ ወደ ታች የገቡ፣ ክዳናቸው ከመዳፍ የሚሰፋ፣ አንገታቸው እንደ ልጅ ክንድ የወፈረ ናቸው። «አያቶቹ» ነው የምንላቸው። አይነኩም። ሕግ የጻፈ የለም፤ ግን እዚያ ጥግ ስትቆፍር የተገኘች ሴት ሌሎቹ ዓመት ሙሉ አያናግሯትም። ለምን እንደማይነኩ ብትጠይቁ «የሜዳው ዘር ከነሱ ነው» ይሏችኋል። ከዚያ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እኛም መች ጠየቅን።

አንድ ማክሰኞ ከወደብ አስተዳደር አንድ ወጣት መጣ። ዛጎሎቹን አሸዋ እስኪተፉ ሁለት ቀን ንጹሕ የባሕር ውሃ ውስጥ የምናቆይበት መጋዘን አለን፤ እዚያ በገንዳዎቹ መሀል ሰበሰበን። ካርታ ዘረጋ። ወደቡ በደለል ስለተሞላ ትልልቅ መርከብ መግባት አቅቶታል፤ ጠራጊ መርከብ መጥቶ ደለሉን ያወጣል፤ የሚያወጣውን የሚያራግፍበት ደግሞ በካርታው ላይ በቀይ ተቀብቷል። ቀዩ የእኛ ሜዳ ነበር። ልጁ ትሑት ነው፤ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እናቶቼ ይላል። ባለጌ ቢሆን እንኳ ተሳድበን ይወጣልን ነበር።

«ምን ያህል ይሆናል?» አለች እትዬ።

«ጥናቱ እንደሚለው፣ እናቴ፣ ቦታ ቦታው ላይ እስከ ወገብ ሊደርስ ይችላል።»

«የማን ወገብ?»

ሰው ሣቀ። ልጁ ግን አልሣቀም። እጁን ቀበቶው ላይ አደረገና «የእኔ» አለ። የሚጀምሩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ሦስት ሴቶች ማመልከቻ ይዘው ሄዱ። ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ተመዝግቧል» ተብለው ተመለሱ። በማግስቱ ሄዱ፤ አሁንም ተመዝግቧል። የተመዘገበ ነገር ምን እንደሚሆን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም። ማንን ትለምናለህ? መርከቡን? ባሕሩን? ሰው የሚጮህበት ፊት ሲያጣ እንዴት እንደሚያንስ ያኔ ነው ያየሁት። ገበያ ላይ በአንድ ቃል ሰው የሚያስደነግጡት ሴቶቻችን እግራቸውን እያዩ መራመድ ጀመሩ።

ሌሊቱን አስባ አደረች መሰለኝ፣ ጠዋት እትዬ መጋዘኑ ውስጥ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው፤ ከነራሷ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አሥራ ሦስተኛው እኔ ነኝ።

«ስሙኝማ» አለች። «ዛጎል ደለል ሲወድቅበት ወደ ላይ ይወጣል። ከወጀብ በኋላ አይተናል። ስንዝር ከሆነ ሁሉም ይወጡታል። ሁለት ስንዝር ከሆነ እኩሌታዎቹ። ወገብ ግን ማንም አይወጣውም። ትንንሾቹን ማዳን አንችልም፤ በየት ቆጥረን? አያቶቹን ግን ነቅለን ቀይ ወዳልተቀባው፣ ከአፋፉ ማዶ ወዳለው ጭቃ እናሻግራቸው። ዘሩ ከተረፈ በሦስት በአራት ዓመት ሜዳ ይሆንልናል።»

ዛጎሉን የምትመዝንልን ሴት፣ ሚዛኗ ነው የምንላት፣ ክንዷን አጣምራ «አያቶቹ አይነኩም» አለች።

«ከነሕይወታቸው ሲቀበሩ ቆመን እንይ ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። አይነኩም ሲባል ነው የሰማሁት።»

«እኔም ስሰማ ነው የኖርኩት። ያሉን ሰዎች ጠራጊ መርከብ አያውቁም።»

ሚዛኗ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ዝም ብል ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያ ላይ ይቆም ነበር። ዝም አላልኩም። «ትራክተሩ አለ፤ ነዳጅም አለኝ» አልኩ። በዕድሜዬ ስንቴ አፌን በመዝጋቴ ተቆጭቻለሁ፤ ያን ቀን በመክፈቴ ነው የሚቆጨኝ።

አያት መንቀል እንደ ሌላው አይደለም። ባሕሩ እንደሸሸ እትዬ በጎኗ ተኛች፤ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ጠለቀ፤ ጉንጯ ጭቃው ላይ ነው። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆየች። ከዚያ እያባበለች፣ ግራ ቀኝ እያለች፣ ቀስ ብላ አወጣችው። ከብዷል። ክዳኑ ላይ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ቀለበት ነበረው፤ ቀለበቱ የዕድሜው ነው ይባላል። ጭቃውን በአውራ ጣቷ እየጠረገች ቆጠረች፤ ስድሳ ስትደርስ ተወችው።

«ይሄ እናታችሁን ያውቃታል» አለች። ከዚያ ዛጎሉን «አባባ፣ ይቅርታዎን» ብላ ጆንያ ውስጥ አስገባችው። ሴቶቹ ሣቁ፤ ቀጥለው ግን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሲያወጡ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

በሦስት ቀን ሦስት መቶ አርባ ስድስት ነቀልን። የእያንዳንዳቸው ክንድ ተልጦ ነበር። የነቀልነውን በመጋዘኑ ገንዳዎች ውስጥ አቆየን። አያቶቹ በውሃው ውስጥ አንገታቸውን ዘርግተው ሲተነፍሱ እያየን ተደሰትን። እትዬ ከገንዳ ገንዳ እየዞረች ውሃው ንጹሕ መሆኑን ትቀምሳለች። በዚያ ሳምንት አንድ ሰው መከራችንን ረስቶ ሲቀልድ ሰምቻለሁ፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። «ዘንድሮ አያት የሚጦር ከተማ ሆንን» አልኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ ጆንያዎቹን ጭነን ከአፋፉ ማዶ ወረድን። ጭቃው ለስላሳ ነው፤ እትዬ በተረከዟ ፈትሻ «ይሄ ይሆናቸዋል» አለች። ከዚያ እንደ ልማዳችን አደረግን።

ልማዱን ካልነገርኳችሁ ጥፋቱ አይገባችሁም። እኛ ስንለቅም ከጣት ያነሰውን ዛጎል አንወስድም፤ ወደ ጭቃው መልሰን እንወረውራለን። የተወረወረው ትንሽ ዛጎል ትንሽ ይቆይና ከክዳኖቹ መሀል ምላስ የመሰለች እግር ያወጣል፤ እሷን ጭቃው ውስጥ ይሰካል፤ በጠርዙ ይቆማል፤ ሻሽ ታስሮ እስኪያልቅ ድረስ የለም። እያንዳንዳችን ይህን በዕድሜአችን አሥር ሺህ ጊዜ አይተናል። ስለዚህ ዛጎል ጭቃ ላይ ከወደቀ ራሱን እንደሚቀብር እንደ ስማችን እናውቅ ነበር። አያት ግን ወርውሮ የሚያውቅ ሰው የለም። እንዴት ይኑር? ነክቷቸውስ የሚያውቅ ማን ነበር?

እንደ ዘር በተንን። ሦስት መቶ አርባ ስድስቱም ጭቃው ላይ ተጋደሙ። ቆመን ማየት ጀመርን።

አንገታቸውን ትንሽ ወጣ አደረጉ። አንዳንዱ ክዳኑን ከፈት አድርጎ እግሩን አወጣ። ያን ግዙፍ ሰውነት የሚያቆም እግር አልነበረም፤ ጣት የምታህል፣ የሟሸሸች ነገር። ጭቃውን ነካ ታደርገዋለች፤ ትመለሳለች። ነካ፤ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ በልጅነታቸው ገብተው፣ ስድሳ ዓመት ባሉበት ኖረው፣ እግር ምን ያደርግላቸዋል? ሥራ ስላልነበረው መንምኖ ቀርቷል። ይህን አሁን ነው የማወራው፤ ያኔ የገባው ሰው አልነበረም።

«ደክሟቸው ነው፤ ጊዜ እንስጣቸው» አለች እትዬ።

ሰጠናቸው። ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ ሰዓት ሆነ። አንድም የቆመ የለም። የባሕር ወፎች መጥተው ከሩቅ ተደረደሩ። ከዚያ እትዬ ድንገት ተንበርክካ መቆፈር ጀመረች።

«እንትከላቸው! በእጃችን እንትከላቸው! አንገቱን ወደ ላይ!»

ሁላችንም ተንበረከክን። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ለስላሳ ጭቃ ውስጥ መቆፈር ማለት ውሃ መውቀጥ ነው፤ ስታወጣ ይናዳል፣ ስታወጣ ይናዳል። አንዱን ለመትከል ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ተክለህ እጅህን ስታነሣ ደግሞ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላና ያጋድለዋል። ባሕሩ ሊመለስ የቀረው አንድ ሰዓት ነው። እኔ ሒሳብ አልወድም፤ ያን ጊዜ ግን ሒሳቡ ራሱ መጥቶ ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀመጠ። አሥራ ሦስት ሰው፣ በሰዓት አራት አራት። የቀሩት ሦስት መቶ ያህሉ ምን ይሆናሉ? ወፎቹ መልሱን ስለሚያውቁ አልቸኮሉም።

ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ሲደርስ ሴቶቹ አንድ አንድ እያሉ ተነሡ። ጉልበታችን ሲደርስ እትዬ ብቻ ቀረች። ውሃ ውስጥ ሆና እየዳበሰች ያገኘችውን ትቀብራለች፤ ማዕበሉ ከኋላዋ የቀበረችውን ያወጣል። በብብቷ ይዤ ጎተትኳት።

«ልቀቀኝ፣ ጥላዬ።»

«እትዬ፣ በቃ።»

«እኔ ነኝ ያወጣኋቸው!» ብላ ጮኸች። «በሰላም ከተቀመጡበት እኔ ነኝ ያወጣኋቸው!» ሠላሳ አንድ ዓመት ሳውቃት፣ ወንድሜን ስንቀብር እንኳ፣ እንዲያ ስትጮህ አልሰማሁም። እየጎተትኩ አለቀስኩ። ማንንም አላፈርኩም።

በማግስቱ ስንመለስ ወፎቹ በልተው ጠግበው ነበር። ክዳኖቹ ተከፋፍተው ጭቃው ላይ ተበትነዋል። የተከልናቸውን ፈለግን፤ ማዕበሉ አንድ ሳያስቀር አውጥቷቸዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ሽታው ከተማ ገባ፤ ሰዉ አፍንጫውን ይዞ «ተረከዝ ያመጣችብን ነው» ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ስለ ባሕር ሀብት ቁጥጥር የሚያወራ ሌላ ሰው ደግሞ መጥቶ ያለ ፈቃድ ማን እንዳዛወራቸው ጠየቀ፤ ስሟን ጻፈና ሄደ። ምንም አላደረገም፤ ስሟን ብቻ ነው የጻፈው።

እትዬ ከዚያ ወዲህ ጭቃው ላይ አልወረደችም። ልጇ መጣች። እናቷ አለመከራከሯ ራሱ አስደንግጧት «አጎቴ፣ ምን ሆናብኝ ነው?» ብላ በጓሮ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዕቃዋ ሁለት ሻንጣ ነበር። አውቶቡስ ጣቢያ ስሸኛቸው እትዬ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ጫማዋን ታስተካክላለች፤ አዲስ ጫማ ነው፣ ጠቧታል። «እግሬ ተዘርግቶ ኖሮ ጫማ እምቢ አለኝ» ብላ ልትቀልድልኝ ሞከረች። እኔም ልሥቅላት ሞከርኩ።

ቀኑ ሲደርስ ጠራጊው መርከብ መጣ። አሥራ ስምንት ቀን አጓራ። እኛም ቤታችን ተቀምጠን ሜዳው ሲሞት ጠበቅን።

ሜዳው አልሞተም።

መርከቡ ደለሉን ያራገፈው ከቋጥኙ ወዲያ፣ ጥልቁ ላይ ነው። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አንዱ ነፋሱ አስቸግሮት ነው ይላል፣ ሌላው ካርታው ተቀይሮ ነው ይላል፤ ለእኛ የነገረን የለም። ወደ እኛ የደረሰው አተላው ነው። ሄጄ ጣቴን ሰካሁበት፤ ሦስት ጣት። ከጥቁሩ ቋጥኝ ሥርም ለካሁ፤ እዚያም ሦስት ጣት። በአሥር ቀን ውስጥ ትንንሾቹ ዛጎሎች ደለሉን ወጥተውት ሜዳው እንደ ወንፊት ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። ሴቶቹ ጆንያቸውን ይዘው ወረዱ። ቀዳዳ ያልታየበት የአያቶቹ ጥግ ብቻ ነው። እዚያ ጭቃው እንደ ተለሰነ ግድግዳ ድፍን ነበር። ብንተዋቸው ኖሮ ሦስት ጣት ለእነሱ ምንም አልነበረም፤ አንገታቸውን ሳብ ያደርጉ ነበር፤ ያው ነበር።

ይህን ባወቅኩ በሁለተኛው ቀን ጆንያ ልጭን ሜዳው ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናት።

«ጥላዬ፣ ደኅና ናችሁ?»

«ደኅና ነን፣ እትዬ። አንቺስ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ። ሊፍት አለው፤ ልጄ ቁልፉን መንካት አስተምራኛለች። ጨረሱ አይደል? ደለሉ የት ደረሰ?»

እግሬ ሥር ቀዳዳዎቹ ይታዩኛል። ሜዳው ደኅና ነው፣ ነይ ብላት በመጀመሪያው አውቶቡስ ትመጣለች፤ ጫማዋን አውልቃ ትወርዳለች፤ ሥራዋ ቦታው ላይ አለ። ስትወርድ ግን የመጀመሪያዋ የምትሄድበት የአያቶቹ ጥግ ነው። እዚያ በተረከዟ ጫን ትላለች። ሦስት ጣት መሆኑን ለማወቅ ማንንም አትጠይቅም። ሦስት መቶ አርባ ስድስቱን በከንቱ እንደገደለቻቸው አውቃ ቀሪ ዕድሜዋን እነሱ ላይ እየተራመደች ትለቅማለች። ሁለቱንም አሰብኩ። ለማሰብ የተሰጠኝ ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው።

«ወገብ ድረስ ነው፣ እትዬ» አልኳት።

«የልጁ ወገብ?»

«አዎ፣ የልጁ።»

ረጅም ትንፋሽ ስትለቅ ሰማሁ። «እንግዲያው ብንተዋቸውም አይተርፉም ነበር።»

«አይተርፉም ነበር።»

«ሌላው ሜዳስ? ምንም የለም?»

ከኋላዬ ሚዛኗ «አንተ ሰውዬ፣ ጆንያው ሞልቷል፣ ና ጫን!» ብላ ጮኸች። ስልኩን በመዳፌ አፈንኩት። ይህ ከተማ ምሥጢር አይችልም፤ አንድ ቀን አንዷ ትነግራታለች፤ ያን ቀን ምን እንደምላት አላውቅም። መዳፌን አነሣሁ።

«ምንም የለም» አልኳት።

«የምን ጩኸት ነው?»

«ሰዎች ናቸው። ዕቃ ይጫጫናሉ።»

«እሺ» አለች እትዬ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፣ እንባም የለም። «እንግዲህ እንዲህ ከሆነ ፎቁን ልልመደዋ።»